የበዴሳው ወኪል

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ ማግስት ነው። የለስላሳ ፋብሪካው ሕግ አጭር ነበር፦ ከድልድዩ ወዲህ ሶዶ የኢሊያስ፣ ከድልድዩ ወዲያ በዴሳ የባዳቾ። አንዱ ወኪል በሌላው ክልል አንዲት ሳጥን ሲሸጥ ከተገኘ ውክልናውን ይነጠቃል። በቃ።

ታዲያ የባዳቾ እህት ሶዶ ላይ ሞተች። ባዳቾም ለለቀስተኛው የሚሆን ለስላሳ ከመጋዘኑ ጭኖ መጣና ድንኳኑ በር ላይ አራገፈ። ወንድም ለእህቱ ለቅሶ ባዶ እጁን ይመጣል እንዴ? ኢሊያስም ለቅሶ ደርሶ ነበር። «አላህ ያጽናህ» ብሎ፣ አጠገቡ ተቀምጦ፣ ከዚያው ለስላሳ ጠጣ። በማግስቱ ወደ ፋብሪካው ደውሎ «ክልሌ ገብቶ ሸጠ» አለ። ወይ ሰው! የጠጣው እንኳ ከሆዱ አልወጣም።

ባዳቾ ውክልናውን ተነጠቀ። «ለቅሶ ላይ ነገደ ተባልኩ» እያለ ሲብሰለሰል ክረምቱ ሳያልቅ ሞተ። በዴሳ ለኢሊያስ ተሰጠው፤ እስከ መስከረሙ የጊፋታ በዓል እዚያ ካልሸጠ ግን ሶዶንም እንደሚያጣ ተነገረው።

አይሱዙውን ጭኖ ድልድዩን ተሻገረ። የመጀመሪያው ባለሱቅ፣ ሽማግሌው ደገፉ፣ በር ላይ አስቆመው።

«አይ ልጄ፣ እኛስ ሞልቶልናል።»

«ማን አመጣላችሁ?»

«ባዳቾ ነዋ። ዛሬ ጠዋት።»

ኢሊያስ ሳቀ። «አድማ መሆኑ ነው!» ብሎ ዘልቆ ገባ። ሳጥኖቹ እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል፤ ጠርሙሶቹ ቀዝቅዘው ያልባቸዋል። ደገፉ ደግሞ ፍሪጅ የለውም። ቀጥሎ ያለው ሱቅም እንደዚያው፣ ከዚያ ወዲያ ያለውም። ሰዎቹ አላፌዙበትም፤ ፈርተዋል። «ሙሉውን አራግፎ ባዶውን ይሰበስባል፤ ቀና ብሎ ግን አያየንም» አሉት።

መኪናውን አዞረ። የባዳቾ ሚስት አሳየሽ ቤት ሄዶ እግሯ ላይ ወደቀ።

«እትዬ፣ በድያለሁ። ውክልናውን ለእርስዎ አስመልሳለሁ፤ ብቻ እንዲተወኝ ይንገሩልኝ።»

አሳየሽ ክንዱን ይዛ አነሳችው። አልተቆጣችም፤ የባሰው እሱ ነው።

«እኔ ምን አቅም አለኝ ልጄ? በቁሙ ሳለ ድልድዩን ተሻግሮ ሶዶ ላይ አንዲት ጠርሙስ ሸጦ አያውቅም፤ ሕግ ይፈራ ነበር። አሁን ምን ይፈራል? ከሞተ ሰው ላይ ምን ይነጠቃል?»

ኢሊያስ «በዴሳ ይቅርብኝ፣ ፋብሪካውን ለምኜ ሶዶን ካተረፍኩ ይበቃኛል» እያለ ተመለሰ። ድልድዩን ሲሻገር እፎይ አለ። ከተማ ሲደርስ የአጎቱን ልጅ ናጂያን ሱቋ ደጃፍ ቆማ አገኛት። ስታየው ወደኋላ አፈገፈገች።

«ኢሊያስ፣ ባዳቾ ሞቷል ብለኸኝ አልነበር?»

ከጀርባዋ ሳጥኖች እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል።

«‹እኔ የኢሊያስ ደንበኛ ነኝ፣ ካንተ አልገዛም› አልኩት» አለች ናጂያ። «‹ሽያጭ አይደለም፣ ለለቅሶ ነው› ብሎኝ አራግፎ ሄደ። ወላሂ ልቤ ፈራ። ኢሊያስ፣ እኛ ቤት ማን ሞተ?»