ሪዛሊን ነርስ አይደለችም

ካፒታን ሩፎ ባነሩን መንታ መንገዱ ላይ ያሰቀለው ሪዛሊን ልትሄድ አራት ቀን ሲቀራት ነው። ሁለት የቀርከሃ ምሰሶ አስተክሎ የግቢ በር የሚያህል ሸራ ወጠረበት። በስተግራ የሪዛሊን ፎቶ አለ፤ ከስምንት ዓመት በፊት ኮሌጅ ስትመረቅ የተነሳችው። በስተቀኝ የካፒታኑ የራሱ ፎቶ አለ፤ ከእሷ ይበልጣል። መካከሉ ላይ በቀይ ቀለም፣ «እንኳን ደስ አለሽ! የመንደራችን ኩራት፣ የኒውዚላንድ ነርስ!» ይላል።

ሪዛሊን ሞተር ብስክሌቷን አቁማ አነበበችው። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ወደ አጎቷ ቤት ሄደች።

በዚያ መንደር ፈተና ያለፈ፣ ውድድር ያሸነፈ፣ ባሕር የተሻገረ ሁሉ ፊቱ በሸራ ታትሞ መንገድ ላይ ይሰቀላል። ወጉ ነው፤ ማንም አይከፋበትም። ሪዛሊን ግን ነርስ አልነበረችም። ከኮሌጅ እንደወጣች የግንባታ ዕቃ መደብር ገብታ ስምንት ዓመት ምስማርና ሲሚንቶ ሸጣለች።

ካፒታን ሩፎ የመንደሩ ሹም ነው፤ የእናቷ ታላቅ ወንድም። በረንዳው ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«አጎቴ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ምነው? ፎቶው አላማረሽም?»

«እኔ ነርስ አይደለሁም።»

«እሱንማ እኔም አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ምን ብዬ ላጽፍ? ‹ሠላሳ አልፏታል፣ ባል የላትም፣ ሥራዋን ለቃ ሰው አገር ልትዝናና ሄደች› ልበል? በምርጫ ዓመት?»

«አዎ። እንደዚያው ይበሉ።»

«ሂጂ ወዲያ! ሰው ይስቅብናል።»

«ይሳቅ። የሚስቀው በእኔ ነው።»

«ባነሩ ላይ ያለሽው አንቺ ብቻ መሰልሽ?» አለ ካፒታኑ። እሱ ላይ እውነቱን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኒውዚላንድ በዓመት አንድ ጊዜ ለፊሊፒንስ ወጣቶች አንዲት ጠባብ በር ትከፍታለች። ለመላው አገር መቶ ቦታ ነው። ቅጹ በኢንተርኔት ይሞላል፤ ቦታው የሩዝ ውሃ ሳይፈላ ያልቃል። ያገኘ ሰው አንድ ዓመት አገር እያየ ይቆያል፤ ስንቅ ሲያጥረው ይሠራል። ግን ለአንድ አሠሪ ከሦስት ወር በላይ መሥራት አይፈቀድለትም፤ ቪዛው የተሰጠው ለዕረፍት ነውና። ሠላሳ ዓመት ያለፈው አይጠይቅም። የሚሰጠውም በዕድሜ ልክ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ሪዛሊን አራት ዓመት ሞክራ አጣች። በአምስተኛው አገኘች። ባገኘች በወሩ አባቷ ደም ግፊት ጥሎት ግራ እጁ ሰነፈ። ማሳው ላይ የደረሰውን ነጭ ሽንኩርት የሚነቅል ጠፋ። ነቀለች፣ አሰረች፣ አደረቀች፤ አባቷን ደግፋ አራመደች። አሥራ አንድ ወር ሄደ። እሷም ሠላሳ አንድ ሞላት። ቪዛው ደግሞ በወጣ በዓመቱ ሳይገቡበት ከቀሩ ይሞታል። የሚሞተው የዚያ ሳምንት እሑድ ነበር። አውሮፕላኑ ዓርብ ነው። ዓርብ ካልሄደች መቼም አትሄድም።

ይህን ለእናቷ ብዙ ጊዜ አስረድታለች። እናቷ ኮራሶን ሰምታ ሰምታ አንድ ነገር ብቻ ትመልሳለች።

«ማረፍ ከፈለግሽ እዚህ አልጋ የለም?»

ከመንደሩ ብዙ ሰው ወጥቷል። ሆንግ ኮንግ የሄደ አለ፣ ሳዑዲ የሄደ አለ፣ መርከብ ላይ ያረጀ አለ። የሪዛሊን አክስት አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ልጅ አሳድጋ፣ ስትመለስ የራሷ ልጅ አላወቃትም። ሁሉም የሄደው ሊሠራ፣ ሊልክ ነው። ሊያርፍ የሄደ የለም።

ያን ዕለት ሪዛሊን ከአጎቷ ቤት ወጥታ ቤቷ ሄደችና ከአባቷ ቆጥ ሥር ገጀራውን አወጣች። መሰላል ተሸክማ ወደ መንታ መንገዱ ሄደች። ሰው በጠራራ ፀሐይ ቆሞ አያት። ጸጉር አስተካካዩ ከነመቀሱ ወጣ።

«ሪዛ! ገና ሳትሄጂ ደሞዙ አነሰሽ እንዴ?»

«አንተም ፎቶህ እንዲሰቀል ከፈለግህ ቦታው ተለቋል!» አለችውና ገመዱን መታችው። ሸራው የካፒታኑ ፎቶ ባለበት በኩል ወደቀ። ሰው ሳቀ። ጠቅልላ ቤት ወሰደችው። አባቷ ዳር ዳሩን ዳበሰና፣ «ለሽንኩርቱ ማስጫ ይሆናል» ብሎ ተቀበላት።

ነገሩ ያለቀ መሰላት። የካፒታኑ ልጅ ጄሳ ግን ባነሩን ገና እንደተሰቀለ ፎቶ አንስታ በመንደሩ ፌስቡክ ለጥፋዋለች።

ዓርብ ማለዳ ማኒላ ደረሱ። አሥራ ሰባት ሆነው በተከራዩት፣ ጂፕኒ በሚባል የሕዝብ መኪና፣ ጉልበት ለጉልበት ተገጣጥመው፣ ሩዝና የተጠበሰ ዓሣ በሙዝ ቅጠል ቋጥረው ነው የመጡት። ካፒታኑም መጥቷል። ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ መንገዱን በሙሉ ሪዛሊንን አላናገራትም፤ መቅረት ግን አልቻለም። ዘመድ ሲሄድ ይሸኛል።

አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ጄሳ የሪዛሊንን ክንድ ያዘች።

«ስሚኝ። ሲጠይቁሽ ‹ቱሪስት ነኝ፣ ሁለት ሳምንት› በይ። አጭር መልስ። ብዙ አትሳቂ፣ ብዙም አትኮሳተሪ።»

«ሁለት ሳምንት አይደለም። ዓመት ነው።»

«ሪዛ፣ እውነት ለንስሐ ነው፤ ለኢሚግሬሽን አይደለም።»

«ዓመት ነው» አለች ሪዛሊን።

እናቷ አቀፈቻት። አላለቀሰችም። «ካልሆነልሽ ጂፕኒው እዚሁ ነው» አለቻት። ሪዛሊን ምርቃት ይሁን እርግማን አልገባትም። ብቻዋን ገባች።

የኢሚግሬሽኑ ሰው ሃምሳ የሚሆነው ነው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሏል። ፓስፖርቷን ገለጠ።

«ወዴት ነው እህቴ?»

«ኒውዚላንድ።»

«ለምን?»

«ለዕረፍት። ሲያስፈልገኝ እሠራለሁ። ቪዛው ይፈቅዳል።»

«ስንት ጊዜ?»

«አንድ ዓመት።»

ሰውዬው መነጽሩን አወረደ። «ማን ይጠብቅሻል?»

«ማንም።»

«አሠሪ?»

«የለኝም።»

«ዘመድ?»

«የለም።»

ስልኩን አወጣ። ስሟንና የመንደሯን ስም ጻፈ። ትንሽ ቆይቶ ስልኩን አዞረላት። ባነሩ ነበር፤ ቀይ ጽሑፉ ከሩቅ ይነበባል።

«ነርስ ነሽ ይላል።»

«ነርስ አይደለሁም።»

«እኔ አልጻፍኩትም። በነርስነት የሚቀጠር ሰው የሠራተኛ ወረቀት ይዞ ነው የሚወጣው። አንቺ ወረቀት የለሽም። አሠሪ የለኝም ትያለሽ። እህቴ፣ ስንቷ ልጅ እንዲህ ብላ ሄዳ ሰው ቤት ተቆልፎባታል። ነይ በዚህ።»

ዳር ወዳለች ጠረጴዛ ወሰዳት። እንደ እሷ የተያዙ ሌሎች ሦስት ልጃገረዶች አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። ሪዛሊን አልተቀመጠችም። አውሮፕላኑ ሊነሳ ሰዓት ተኩል ቀርቶታል።

«ተቀመጪ።»

«ቆሜ እመልሳለሁ።»

«በዛሬው ሂጂና ተዘጋጅተሽ ተመለሺ። ሌላ ቀን ትሄጃለሽ።»

«ሌላ ቀን የለኝም። ቪዛውን ያንብቡት። እሑድ ይሞታል። ዕድሜዬን ደግሞ ፓስፖርቱ ላይ ያዩታል።»

ሰውዬው አነበበ። አንብቦም፣ «ታዲያ ባነሩን ምን ላድርገው?» አለ። ክፉ ሰው አልነበረም። ያየውን አላየሁም ማለት የማይችል ሰው ነበር።

«ያሰቀለው አጎቴ ነው። ውጭ ቆሟል። ይጠይቁት።»

ደወለችና ስልኳን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ካፒታን ሩፎ አነሳ። የጂፕኒው ሰው ሁሉ ዙሪያውን ከቦ ሲንሾካሾክ ይሰማል።

«ጌታዬ፣ ይቺ ልጅ ምንድነች?» አለ ሰውዬው።

ካፒታኑ ጉሮሮውን ጠረገ። ሊያግዛት ነበር ያሰበው። «ነርስ ናት ጌታዬ! ጎበዝ ነርስ! መንደሩ ሁሉ ይመሰክራል!»

ከተቀመጡት አንዷ ልጅ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«አጎቴ» አለች ሪዛሊን። «ዋሽተዋል። አሁኑኑ ዋሽቻለሁ ይበሏቸው።»

ከስልኩ የዘመድ ሹክሹክታ ብቻ መጣ።

«ይበሏቸው። ካልሆነ እመለሳለሁ። ተመልሼም መንታ መንገዱ ላይ ምስማር እየሸጥኩ፣ ላለፈ ላገደመው ሁሉ የካፒታን ሩፎ ነርስ እኔ ነኝ እላለሁ። ከምርጫው በፊትም፣ በኋላም።»

ከዚያ ግፊያ የመሰለ ነገር ተሰማ፤ የአንድ ሰው «ቆይ እንጂ!» ማለት፤ ከዚያ የእናቷ ድምፅ።

«ሃሎ? እናቷ ነኝ። ልጄ ነርስ አይደለችም። ምስማር ሻጭ ናት። ሁለት ታናናሾቿን በምስማር ነው ያስተማረቻቸው። የአባቷን አፍ በማንኪያ ስትሞላ ከርማለች። አሁን የምትሄደው ልትጫወት ነው። ልትጫወት! መጫወት ክልክል ነው?»

ሰውዬው ለመመለስ አፉን ከፈተ። ኮራሶን አልጠበቀችውም።

«እኔም ስከለክላት ነበር። እርስዎ ሲደርቡበት ግን በዛ። አንተ ሩፎ፣ ና ተናገር! ምን አንገትህን ትደፋለህ!»

የካፒታኑ ድምፅ ቀስ ብሎ መጣ። «ባነሩን ያሠራሁት እኔ ነኝ» አለ። «ነርስ ያልኩት እኔ ነኝ። እሷ ነግራኝ ነበር።» ከኋላው አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው። ካፒታኑ ያን ሳቅ እየሰማ ደገመው፤ «እኔ ነኝ።»

ሪዛሊን ስልኩን ዘጋች።

ሰውዬው አንድ ቅጽ ሳበና ገፋላት። «የጉዞሽን ምክንያት በእጅሽ ጻፊ። ፈርሚበት።»

«ለዕረፍት» ብላ ጻፈች።

«ለሥራም ጨምሪበት።»

«ካስፈለገኝ» ብላ ጨመረች።

«ሲበዛ ግትር ነሽ።»

«ግትር ባልሆን ነርስ ነኝ ብዬ እገባልዎ ነበር።»

ሰውዬው ሊስቅ ነበር፤ ተወው። ማኅተሙን አነሳ፣ ቀኑን አየ፣ መታ። ሪዛሊን ፓስፖርቷን ተቀብላ ወደ ተቀመጡት ልጆች ዞረች። ፊቷን የሸፈነችው አሁን ቀና ብላ ታያታለች።

«ወረቀትሽ እውነት ነው?» አለቻት ሪዛሊን።

«እውነት ነው።»

«እንግዲያው ተነሺና ቆመሽ መልሺ።»

ልጅቷ ሰውዬውን አየች፤ ከዚያ ተነሳች። ሰውዬው መነጽሩን ወደ ግንባሩ መለሰና፣ «ሂጂልኝ አንቺ» አላት ሪዛሊንን።

መሳፈሪያው በር ላይ አንድ ዓይነት ቢጫ ሸሚዝ የለበሱ ሴቶች ተሰልፈዋል። ደረታቸው ላይ ለሥራ የሚልካቸው ወኪል ድርጅት ስም ተጽፏል። አንዷ፣ ጠና ያለች፣ የሪዛሊንን ተራ ሸሚዝ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«አንቺስ ልጄ፣ የማን ነሽ?»

«የማንም አይደለሁም።»

«አሠሪ የለሽም?»

«የለኝም።»

«እና እዚያ ምን ልትሠሪ ነው?»

ሪዛሊን አሰበች። እስከ ዛሬ ይህን የጠየቃት ሁሉ መልሱን ይዞ ነበር የሚጠይቃት።

«መጀመሪያ እተኛለሁ» አለች። «ሲበቃኝ እነሳለሁ። ማንም የማይቀሰቅሰኝ ቦታ ፈልጌ ነው የምሄደው።»

ሴትዮዋ ሻንጣዋን ወደ ጎን ሳበች። ከዚያ ተራዋን ለቀቀችላት።

«እለፊ» አለች። «አንቺ ቅደሚ።»