ግማሹ ጫካ

ኮበለለች ብሎ ነው የጻፈው፣ ጠፋች አላለም፣ እሷ ልጄ ጠፋችብኝ ብላ ነው የነገረችው፣ መርማሪው ግን የእስክሪብቶውን ጫፍ ነክሶ ነክሶ ኮበለለች ብሎ አሰፈረው፣ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላት ልጅ ወዴት ትኮበልላለች፣ ከምን፣ ከማን፣ ጫማዋን እንኳ ግራና ቀኙን እያምታታች የምታጠልቅ ልጅ፣ አሁን እናቷ እጅ ላይ ያለው የሚያብለጨልጨው ወረቀት ግን የሐኪሙን ልጅ ጠፋ ነው የሚለው፣ በትልቁ፣ በቀይ ቀለም። ጠፋ።

ልብስ አጣቢዋ እናት የፍለጋው ሰልፍ መሃል ናት። በግራዋ የሆስፒታሉ ሾፌር፣ በቀኟ የካርድ ክፍሏ ሴት፣ በመካከላቸው አንዳንድ ክንድ፣ ፖሊሱ እንዳዘዘው፣ ሁሉም ዱላ ይዞ የረገፈ ቅጠል እየገለጠ ወደ ባሕር ዛፉ ውስጥ ይዘልቃል፣ ቀስ በሉ፣ መስመሩን አታፍርሱ፣ ልጁን ጥሩት። ሦስት ቀኑ ነው የሐኪሙ ልጅ ከጠፋ። ስድስት ዓመቱ፣ ቀይ፣ ፀጉረ ሉጫ፣ ፊት ለፊት አንድ ጥርስ የወለቀ፣ አገር ያውቀዋል፣ ቴሌቪዥኑ ጠዋትም ማታም ያሳየዋል፣ እሷ ራሷ ጥርሱን በሕልሟ አይታዋለች፣ የራሷን ልጅ ጥርስ ግን አንድም ሰው አልጠየቃትም። የእሷ ድንቢጥ ዛሬ ሃያ ሦስት ቀኗ ነው። ድንቢጥ ያለቻት እህሉን እየለቀመች ስለምትበላ ነው፣ ብይ እንጂ፣ በላሁ እኮ እማ፣ የቱን በላሽ፣ ይኸው እኮ።

ማሙሽ፣ ይላል ሾፌሩ። እናቱ የምትጠራው እንደዚያ ነውና እንደዚያ ጥሩት ተብሏል። ማሙሽ፣ ትላለች እሷም፣ ከልቧ ነው፣ ልጅ ልጅ ነው፣ እሱ ምን አጠፋ።

ዛሬ ጠዋት የልብስ ማጠቢያው አለቃ ማሽኖቹን አጥፉ፣ ሁላችሁም አውቶቡስ ላይ ውጡ፣ ፍለጋ ነው አለ። ሰባት ዓመት ስትሠራ እነዚያ ማሽኖች ባንድ ላይ ሲቆሙ ሰምታ አታውቅም፣ ዝምታው ጆሮዋን አመማት፣ ለካ ይቆማሉ፣ ለካ መቆም ይችላሉ፣ ድንቢጥ በጠፋች ማግስት እዚያው ማሽን ሥር ቆማ አንድ ቀን ብቻ ፈቃድ ስጠኝ፣ ልጄን ልፈልግ ስትለው አንሶላውን ማን ሊያጥበው ነው ብሏት ነበር። ክፉ ሰው አይደለም። እሱም የሚፈራው አለው።

ሬዲዮ ጣቢያም ሄዳለች፣ እንግዳ መቀበያው ላይ የነበረው ሰውዬ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አዙሮ አየው፣ የትምህርት ቤት ፎቶ ነው፣ ድንቢጥ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ከአንዱ ልጅ ትከሻ ኋላ። ጠቁራለች፣ ፊቷ አይለይም፣ ሌላ የለሽም? የለኝም። ቴሌቪዥንም ቢሆን ይኼን አይወስድልሽም፣ አለ፣ ደግሞ በትሕትና ነው፣ ሬዲዮ ፎቶ ምን ያደርግለታል ማለት እቤት ከገባች በኋላ ነው ትዝ ያላት፣ ሞኝ፣ ሁሌም እቤት ከገባች በኋላ። ፖሊስ ጣቢያውስ። እናንተ የወንዝ ማዶዎች ትወልዳላችሁ እንጂ መች ትቆጥራላችሁ፣ አለና ሳቀ መርማሪው፣ አጠገቡ የተቀመጠውም ሳቀ፣ እሷም፣ ይኼን ለማንም አልተናገረችም፣ እሷም ፈገግ አለች። እንዳይቆጣ ብላ። እንዲጽፍላት ብላ።

ማሙሽ። ማሙሽ። ዱላዋ እርጥብ ቅጠል ይገለብጣል፣ ሥሩ አፈር፣ ሌላ ቅጠል፣ ሥሩ የጠርሙስ ክዳን፣ ይኼ ሁሉ ሰው፣ ይኼ ሁሉ ዓይን፣ ምናለ ያኔ፣ ግማሹ እንኳ፣ አስሩ እንኳ፣ አፏ ይከፈታል፣ ድንቢጥ! ይላል።

የካርድ ክፍሏ ሴት ዱላዋን ታቆማለች። ማሙሽ ነው እኮ፣ ይላል ሾፌሩ ዝቅ አድርጎ። ታውቃለች ማሙሽ እንደሆነ፣ አፏ ግን አይመለስም፣ ድንቢጤ! ድንቢጥ! አለቃው ከኋላ እየሮጠ ይመጣል፣ ምን ነካሽ አንቺ፣ ሰው ይሰማል፣ እናትየዋ ትሰማለች።

እናትየዋ ሰምታለች። የሐኪሙ ሚስት በቤት ጫማ ናት፣ እግሯ ጭቃ በጭቃ፣ ዓይኗ ሦስት ሌሊት አልተከደነም፣ መጥታ ፊቷ ትቆማለች።

ማንን ነው የምትጠሪው?

ልጄን።

ስንት ቀኗ ነው?

ሃያ ሦስት።

ሴትየዋ አፏን በእጇ ትይዛለች። እኔ ሦስቱን አልቻልኩትም፣ ትላለች፣ ሦስቱን፣ ከዚያ እጇን ትይዛታለች፣ ያንን በረኪና የላጠውን እጅ፣ አታፍርበትም፣ ለጋዜጠኛዋ እኔ ራሴ እነግርልሻለሁ፣ አብረን ካሜራው ፊት እንቆማለን፣ አንቺም እኔም፣ ሁለታችን። ልብስ አጣቢዋም አመነች። ካንጀቷ እንደሆነ ያስታውቃል። ሃያ ሦስት ቀን ሙሉ ስንት ቀኗ ነው ብሎ የጠየቀ እሷ የመጀመሪያዋ ናት፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ትንሽ ይሄዳሉ፣ አንዷ ማሙሽ፣ አንዷ ድንቢጥ፣

ፊሽካ።

ተገኘ! ጫካው መሃል ካለው የውሃ ሞተር ቤት ውስጥ፣ በሕይወት! ሰልፉ ይፈርሳል፣ ዱላው ይወረወራል፣ ሁሉም ይሮጣል፣ እጇ ባዶ ነው፣ መቼ እንደተለቀቀ አታውቅም። እሷም ትሮጣለች። ታየዋለች፣ አቧራ የጠጣ ፊት፣ የደረቀ ከንፈር፣ ውሃ ስጡኝ ይላል፣ ያው ጥርስ የለም፣ ታለቅሳለች፣ ደስ ብሏት ነው፣ እውነቷን ነው፣ ጌታዬ ሆይ ተመስገን፣ ስለዚህ ታያለህ ማለት ነው፣ ስትፈልግ ሞተር ቤት ውስጥ ድረስ ታያለህ ማለት ነው፣ ታዲያ

እናት፣ ትንሽ ወደ ጎን ይሉልኛል? ከጀርባ ይገቡብኛል። ጋዜጠኛዋ ናት። ወደ ጎን ትላለች። ላለፉት ሦስት ቀናት የመላውን ሕዝብ ልብ ሰቅሎ ያቆየው ሕፃን በሰላም ተገኝቷል፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የሐኪሙ ሚስት ልጇን አንገቷ ሥር ወሽቃ ታመሰግናለች፣ ሁላችሁንም፣ ሁላችሁንም፣ ዓይኗ ሕዝቡ ላይ ይዞራል፣ ልብስ አጣቢዋ ላይም ይደርሳል፣ ያልፋል። ረስታታለች። ክፋት አይደለም፣ ልጁን ያቀፈ ሰው ምን ያስታውሳል፣ እኔስ ብሆን፣ ድንቢጤን ባቅፋት የማንን ልጅ አስታውስ ነበር።

ካሜራው ሲጠፋ ፎቶውንና መርማሪው የሰጣትን ወረቀት ከጡቷ ሥር አውጥታ ትጠጋለች። ጋዜጠኛዋ ወጣት ናት፣ ረጋ ብላ ታዳምጣለች፣ የፖሊሱን ወረቀትም ታነባለች። እናት፣ በጣም አዝናለሁ፣ ግን ኮበለለች ነው እኮ የሚለው። እኔ አላልኩም፣ እሱ ነው የጻፈው። ይገባኛል፣ ግን የኮበለለ ዜና አንሠራም፣ ደግሞ ዛሬ ሕዝቡ ደስ ብሎታል፣ በሳምንቱ ቢሮ ብቅ ይበሉ። ፎቶውን ትመልስላታለች፣ በሁለት እጇ፣ በአክብሮት።

አውቶቡሱ ጥሩምባውን ይነፋል። ግቢ እንጂ፣ ይላል አለቃው፣ አንሶላው ተከምሯል። በቃ ጨርሰናል፣ ይላል ሾፌሩ፣ ተመስገን ነው።

ምኑን ነው የጨረስነው፣ ግማሹን እኮ ነው፣ ከሞተር ቤቱ ወዲህ ያለውን፣ ከዚያ ወዲያ አንድ ቅጠል አልተገለጠም፣ ድንቢጥ እዚህ የምትመጣበት ምክንያት የለም፣ ከሰፈራቸው በሁለት አውቶቡስ ነው፣ ታውቃለች፣ ምክንያት ያለበት ቦታስ የት ነው፣ ይንገሯት፣ ነገ ማሽኑ ላይ ሌላ ሰው ይቆም ይሆናል፣ ይቁም። የተጣለ ዱላ ታነሳለች። አለቃው ስሟን ይጠራል፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ በሩ ይዘጋል። ብቻዋን ሰልፍ አይሆንም፣ ስለዚህ አንዱን መስመር እስከ ዳር ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ ክንዷን ዘርግታ ትለካለች፣ አንድ ክንድ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ከመጀመሪያው፣ ድንቢጥ፣ ቆም ብላ ታዳምጣለች፣ ቅጠል ትገልጣለች፣ አንድ ክንድ ወደ ቀኝ፣ ድንቢጥ፣