ሁለት ቁልፍ ያለው ሳጥን

ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ላይ ባሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ምሳ ሰዓት ከሆነ ክርክር አይጠፋም። የዚያን ቀን አጠገባችን የተቀመጡት፣ እንደኔው ታክሲ የሚነዱ ሾፌሮች «የፈረንጅ እርዳታ አስተዳደር ያቃናል ወይስ ያበላሻል?» ብለው ተያይዘዋል። እኔ ደግሞ ወሬ ሲያልፈኝ አልወድም፤ «ያበላሻል እንጂ፣ ይሄ ምን ጥያቄ አለው!» ብዬ ጠረጴዛውን ደበደብኩ።

አምሳለ ቀና ብላ አየችኝ። የሟቹ ጓደኛዬ የመክብብ ባለቤት ናት፤ ልጇ ቤዚ አስመጥታት ገና ሁለተኛ ሳምንቷ ነው። ምሳ ልጋብዛት ኖርዝ ሆሊውድ ካለው የልጇ ቤት ሳመጣት፣ ጋቢና አጠገቤ ተቀምጣ «ሀይሌ፣ ለመክብብ ወንድሙ አንተ ነበርክ» እያለችኝ ነበር።

«ያንን ሳጥን የሰጡት ፈረንጆች ናቸው አይደል?» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ አገር ቤት የወረዳችን የመልካም አስተዳደር ባለሙያ ነበርኩ። አንድ የእርዳታ ድርጅት ባለሁለት ቁልፍ የአቤቱታ ሳጥን ሰጠን። አንዱ ቁልፍ በአስተዳዳሪው እጅ፣ ሌላው ነዋሪው በመረጠው ሰው እጅ፤ ሁለቱ ካልተገናኙ አይከፈትም። እውነት ለመናገር ጥሩ ሐሳብ ነበር። በወሩ ግን የነዋሪው ተወካይ ፈራና የራሱን ቁልፍ ለአስተዳዳሪው አስረከበ። እኔ ይህን እያወቅኩ «ቁልፎቹ በየቦታቸው ናቸው» ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ። ካልጻፍኩ ፕሮጀክቱ ይዘጋል፤ ፕሮጀክቱ ከተዘጋ እንጀራዬም አበቃ።

ታዲያ መክብብ መሬታቸውን ስለተነጠቁ ሴቶች የጻፈውን አቤቱታ ይዞ ቢሮዬ መጣ። ስሙን ጽፎ ፈርሞበታል። «ልክተተው?» አለኝ። ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ፣ ምን ልበለው? «ሁለት ቁልፍ አለው፣ አትፍራ» አልኩት። አስተዳዳሪው ብቻውን ከፍቶ አነበበው፤ መክብብ በሳምንቱ ታሰረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲፈታ ሳንባው አልቆ ነበር፤ አልሰነበተም። እኔ ዲቪ ደርሶኝ እዚህ ነበርኩ፤ ቀብሩ ላይ እንኳ አልቆምኩም።

«እስኪሞት ድረስ የሚያዝነው ላንተ ነበር» አለች አምሳለ። «‹ሀይሌን አታለሉት፤ ቢያውቅ ኖሮ እጄን ይዞ ይመልሰኝ ነበር› ይለኝ ነበር። አላወቅክም አይደል?»

«አላወቅኩም» ብል ታምነኛለች። በየበዓሉ ቤቷ ትጠራኛለች፤ እኔም ወንድሟ እንደሆንኩ አረጃለሁ። ሾፌሮቹ አሁንም ፈረንጅ ይሰድባሉ። ከነሱ ጋር ፈረንጅ እየሰደቡ መኖር እንዴት ቀላል ነበር! የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የኔ ደግሞ የብዕር ነው። መዋሸት ደከመኝ።

«አውቅ ነበር» አልኳት።

የጀመረችውን ምግብ ትታ እጇን ታጥባ መጣችና «አድርሰኝ» አለች።

ፓርክ ያደረግኩበት ድረስ ከኋላዬ ተከተለችኝ። የጋቢናውን በር ከፈትኩላት። አልፋኝ ሄዳ የኋላውን ራሷ ከፍታ ገባች።

መንገድ ላይ በመስታወት ሳያት፣ እንደማንኛውም ተሳፋሪ ውጭ ውጭውን ታያለች። የቤዚ ቤት በር ላይ ስትወርድ ጎንበስ ብላ አመሰገነችኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አቶ ሀይለገብርኤል» አለች።