የመሃል ሜዳው ሃያ ሰባት

የሰባት ቁጥሩን ቆርቆሮ ናፍጣ በነካ ጨርቅ አበስኩና ምስማሩ ላይ ሰቀልኩት። ሁለት ቁጥሩ ከጎኑ ቀድሞ ተሰቅሏል። ከዚያ ጎንበስ ብዬ የግራ ሜዳውን ተጫዋች ቁጥር መፈለግ ጀመርኩ።

ሥራዬ ይኸው ነው። የሎማ ሴካ ቤዝቦል ሜዳ የውጤት ሰሌዳ ከሜዳው አጥር ጋር የተያያዘ ትልቅ የእንጨት ሳጥን ነው። እኔ ውስጡ ቆሜ ከዘይት በርሜል የተቆረጡ የቆርቆሮ ቁጥሮችን በየመስኮቱ እሰቅላለሁ፤ የተጫዋቾቹን ቁጥር በግራ፣ ነጥቡን በቀኝ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት እጄ መንገዱን ለምዶታል፤ ዓይኔን አይጠይቅም።

ቀና ያልኩት ከበሮው ሲቆም ነው። የደጋፊዎቻችን ከበሮ ጨዋታው ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው ይጀምርና ዳኛ ቢቆጣም ዝናብ ቢመጣም አይቆምም። አሁን ቆመ። ለአሥረኛው ዙር ተብሎ የተሠራ መስኮት አለ፤ ጨዋታ እዚያ ድረስ ብዙ ስለማይሄድ ባዶውን ይውላል፤ እኔ መመልከቻ አድርጌዋለሁ። በእሱ አጮልቄ አየሁ። ሦስት ሺህ ሰው ከመቀመጫው ተነስቶ፣ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ ወደ እኔ ይመለከታል።

ወደ እኔ አልነበረም። ወደ ሃያ ሰባት ነበር።

ኦስቤል ኪያላ ከሞተ አሥራ አንድ ቀኑ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። በባልዲ ውሃ ይዞ የቤቱን ደረጃ ሲወጣ ወደቀ፤ ጎረቤት ሲደርስ ውሃው ገና ከደረጃው ላይ እየወረደ ነበር ይላሉ። ውድድሩ ለሐዘኑ ተቋርጦ ዛሬ መጀመሩ ነው። በመሃል ሜዳ በእሱ ቦታ ዳይሮን የሚባል የሃያ ዓመት ወጣት ይሰለፋል፤ ቁጥሩ አርባ አንድ። የስም ዝርዝሩ ፊት ለፊቴ ተለጥፏል፤ ጠዋት ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። እጄ ግን ስድስት ዓመት የለመደውን የኦስቤልን ቁጥር ሰቀለ።

ስልኩ ጮኸ። የሜዳው ኃላፊ ነው፤ ሲደውል አብዛኛውን ጊዜ ሊቆጣኝ ነው።

«ኤቬሊዮ፣ ይህን ስቀል ብሎ ማን አዘዘህ?»

«ማንም። እጄ ነው እንጂ እኔ…»

«እጅህ ይባረክ። ሰዉ ሁሉ እያለቀሰ ነው። እስከ መጨረሻው እንዳትነካው።»

ስህተት ነው ልለው አፌን ስከፍት ዘጋው።

መውጣት አልችልም። የሳጥኑ በር ከኋላ ነው፤ ጓጉንቸሩ በውጭ በኩል ይንጠለጠላል። የሰፈሩ ሰው ቆርቆሮዎቹን ለጣሪያ መጠገኛ እየወሰደ ስላስቸገረ እኔ ከገባሁ በኋላ ነሜሲዮ ይቆልፍብኝና ኦቾሎኒውን ሊሸጥ ወደ ሕዝቡ ይሄዳል። ዘጠኙ ዙር ሲያልቅ ተመልሶ ይከፍትልኛል። ፀሐይ ስትበረታ ውስጡ እንደ ዳቦ ቤት ምድጃ ነው። እስከዚያ ቀን መታሰር ነው ብዬ አስቤው አላውቅም፤ እስረኛ ብሎ የሚጠራኝ ኦስቤል ብቻ ነበር።

ኳስ ወርዋሪ በሚቀየርበት ጊዜ ኦስቤል እየተዝናና ወደ አጥሩ ይመጣና ጀርባውን ሳንቃው ላይ አሳርፎ፣ ጓንቱን አፉ ላይ አድርጎ ያወራኛል። ሕዝቡ ስለ ጨዋታው የሚያስብ ይመስለው ነበር።

«አንተ እስረኛ፣ ዛሬ ምን በላህ?»

«ሩዝ በጥቁር ባቄላ።»

«ትናንትም እሱን ነበር።»

«አንተስ?»

«እኔማ ጥቁር ባቄላ በሩዝ።»

በመጨረሻው ጨዋታው በሰባተኛው ዙር መጣ። ስለ ምሳ አልጠየቀኝም።

«ኤቬሊዮ፣ ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠብኝ ይመስለኛል።»

«ለሐኪሙ ንገረው።»

«እሁድ የብሔራዊ ቡድን መራጮች ይመጣሉ። ከተናገርኩ ከጨዋታ ውጭ ያስቀምጡኛል። ላንተ ብቻ ነው የነገርኩት። ሳጥን ውስጥ ስለምትኖር።» ሳቅ አለ። «ማልልኝ።»

ማልኩለት። ያ ሰኞ ነበር። ማክሰኞ ዝም አልኩ። ረቡዕ ጠዋትም ዝም እንዳልኩ ነበር ወሬው የመጣው።

ለሟች የሚጸለይበትን ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሰው ሁሉ እናቱ ቤት ሲሰበሰብ እኔ ከመንገዱ ማዶ ድረስ እየሄድኩ እመለስ ነበር። አሁን ደግሞ ይኸው፣ ከተማው ባርኔጣውን አውልቆ ያመሰግነኛል።

በሁለተኛው ዙር ወደ መሃል ሜዳ ከፍ ያለ ኳስ ተመታ። ዳይሮን ከሥሩ ደርሶ ነበር። ኳሱ ጓንቱን ነክቶ ወደቀ።

«ኦስቤል ቢሆን ዓይኑን ጨፍኖ ይይዘዋል!» አለ አንዱ ከጥግ።

«ሞቶም ይይዘዋል!»

«ኧረ ልጁን ተዉት፣ ጓንቱ የወንድሙ ነው፣ ሰፍቶት ነው!»

ተሳቀ። ዳይሮን ጉልበቱን ይዞ ቆየና ወርዋሪው ሲቀየር ወደ አጥሩ መጣ። ኦስቤል እንደሚያደርገው አልተደገፈም፤ ፊቱን ወደ ሳንቃው አዞረ።

«አጎቴ፣ ትሰማኛለህ?»

«እሰማሃለሁ።»

«የኔ አርባ አንድ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

«ኳስ መያዝ ያስተማረኝ እሱ ነው። እኔም አልቅሻለሁ። ግን ዞር ባልኩ ቁጥር ከራሴ በላይ እሱ አለ። እነሱም የሚያዩት እሱን ነው። እኔ ማን ሆኜ ነው የቆምኩት? አውርደው።»

በሦስተኛው ዙር ሞከርኩ። ሰባቱን ከምስማሩ ላይ ትንሽ ከፍ እንዳደረግሁት ከመቀመጫዎቹ የተነሳው ጩኸት ሳንቃውን አንቀጠቀጠው። የማንጎ ፍሬ መጥቶ ቆርቆሮው ላይ ተፈረጠ። «ሽማግሌ! እጅህን ሰብስብ!» መለስኩት። ተጨበጨበልኝ። ሳጥኑ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አምስት እርምጃ ነው፤ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩበት አላውቅም።

አምስተኛው ዙር ሲያልቅ የኋላው በር ተንኳኳ።

«ነሜሲዮ?»

«ኤዱቪሄስ ነኝ።»

የኦስቤል እናት። በሳንቃዎቹ መካከል ባለው ክፍተት የጥቁር ቀሚሳቸው ጫፍና አቧራ የለበሰ ጫማቸው ታየኝ።

«እትዬ ኤዱቪሄስ፣ ተቆልፎብኝ ነው። ቁልፉ ነሜሲዮ ጋ ነው።»

«ተወው። እንዲህ ይሻላል። ጸሎቱ ላይ አላየሁህም።»

«ውጭ ነበርኩ።»

«ልጄ በጓንቱ ሥር ካንተ ጋር እንደሚያወራ አውቅ ነበር። ሰዉ እያሰበ ነው ይላል። እሱ ሲያስብ አፉን ከፍቶ ነው፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ። በመጨረሻ ምን አለህ?»

ከኋላዬ ቁጥሩ ነበር፣ ከፊቴ እሳቸው። በሌላ ቀን ቢሆን፣ በሌላ ቦታ ቢሆን፣ ሥራ አለብኝ ብዬ እሄድ ነበር። ነገርኳቸው። ሰኞን፣ ደረቱን፣ መሐላውን፣ ማክሰኞን። ሳልቸኩል ነገርኳቸው፤ ከቸኮልኩ የምተወው ነገር እንዳይኖር ፈርቼ። ጫማቸው አልተንቀሳቀሰም።

«ላንተ ብቻ ነው የነገርኩት አለህ?»

«አዎ።»

«ለኔም እንደዚሁ ነው ያለኝ። ማክሰኞ ማታ። የብርቱካን ቅጠል አፈላሁለት። ጠጣና ተሻለኝ አለ። እኔም ተሻለው ብዬ ተኛሁ።»

ሜዳው ላይ ዱላ ኳስ መታ፤ ሰዉ ጮኸ። ምን እንደሆነ አላየሁም።

«ለሌላም ሰው ነግሮ ይሆናል» አልኩ።

«ይሆናል። ይህ ሁሉ ወሬኛ ባለበት ከተማ ልጄ ሚስጥር ጠባቂ ብቻ እየመረጠ ነገረ።» ሳንቃውን በመዳፋቸው መታ አደረጉት፤ ቀስ ብለው። «ይቅር ልልህ አይደለም የመጣሁት። መጀመሪያ እኔን ማን ይቅር ብሎኝ። ለቁጥሩ ነው የመጣሁት።»

«ስህተት ነበር። እጄ ነው የሰቀለው።»

«ገብቶኛል። እኔም ጠዋት ሁለት ሲኒ ነው የማወጣው። ግን አውርደው። እዚያ እስካለ ድረስ የመምቻው ተራ በደረሰ ቁጥር ይወጣል ብዬ እጠብቃለሁ። አምስት ዙር ሙሉ ጠበቅሁት። ደከመኝ፣ ኤቬሊዮ።»

«ይጮኹብኛል።»

«ይጩኹ። እኔ ሄጄ ከፊት እቀመጣለሁ።»

ጫማቸው ከክፍተቱ ጠፋ። በአሥረኛው ዙር መስኮት እስኪታዩኝ ጠበቅሁ። በፊተኛው ረድፍ በኩል ቀስ ብለው እየሄዱ ነው፤ ሰው መንገድ ይለቅላቸዋል። ተቀመጡ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ወደ ሰሌዳው ተመለከቱ።

መጀመሪያ ሰባቱን አወረድኩ። ከዚያ ሁለቱን። ጩኸቱ ከቅድሙ ይብስ ነበር። ስልኩ ጮኸ፤ አላነሳሁትም። አንድ ነገር፣ ምናልባት ጠርሙስ፣ ከጆሮዬ አጠገብ ሳንቃውን መታው። አራቱን ሰቀልኩ። የአንድ ቁጥሩ ቆርቆሮ ከመደርደሪያው ሥር ወድቆ ስለነበር ተንበርክኬ ስፈልገው ጊዜ ወሰደብኝ፤ ዳይሮን ለዚያ ያህል ጊዜ አራት ቁጥር ሆኖ ቆመ።

አንዱን ሰቅዬ አጮለቅሁ። እትዬ ኤዱቪሄስ ከመቀመጫቸው ተነስተዋል። አያጨበጭቡም፤ ቆመዋል ብቻ። ከአጠገባቸው ያሉት ዝም አሉ። ከዚያ ከኋላቸው ያሉት። የጥጎቹ ግን እስከ መጨረሻው ሲሰድቡኝ ነበር፤ አልፈርድባቸውም። ዳይሮን ዞሮ ወደ ላይ አየ፣ ባርኔጣውን አስተካከለ፣ ወደ ቦታው ሄደ። በዚያ ዙር ወደ እሱ የመጣ ኳስ አልነበረም።

ነሜሲዮ እስኪመጣ ገና ሦስት ዙር ቀርቷል። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና ጨርቁን ናፍጣ አስነካሁት። ሰባቱ ላይ የደረቀውን የማንጎ ጭማቂ በጥፍሬ ፋቅሁ፣ ጠርዙን አበስኩ፣ ሁለት ቁጥሩንም አበስኩ። ፊታቸውን እርስ በርስ አዙሬ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለልኳቸውና እጄ በልማድ ከማይሄድበት፣ ከላይኛው መደርደሪያ ጥግ አስቀመጥኳቸው።