የኦክቶፐስ ልብ እና የትርሲት አባት

1

ይህን ያውቁ ኖሯል?

ማር በደንብ ከተከደነ ለብዙ ዘመን ሳይበላሽ ይቆያል።

በከተማችን ሬዲዮ ጠዋት ጠዋት ሦስት ደቂቃ እንዲህ ያለውን የምናገረው እኔ ነኝ። ሰው ወሬዬን ይወደዋል። እኔ ደግሞ ትርሲትን እወዳታለሁ፤ ታሪኩ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

2

ይህን ያውቁ ኖሯል?

ቀጭኔ አስነጥሳ አታውቅም።
ዳክዬ ሰኞ ሰኞ እንቁላል አትጥልም።
በረሮ ማሲንቆ ስትሰማ እንቅልፍ ይወስዳታል።
ጉጉት ከአንድ ሰው በላይ አትወድም።

እነዚህን አራቱን ከራሴ ነው ያመጣኋቸው። ኢንተርኔት የጠፋባቸው አራት ጠዋቶች ነበሩ፤ ሦስቱ ደቂቃ ግን አልጠፋም። አንባቢዬ፣ እዚሁ ይቅር።

3

ሽማግሌ የላክሁ ቀን የተባለው፣ አጎቴ ጋሽ ዘርጋው እንደነገረኝ፦

አቶ ደምሰው (የትርሲት አባት)፦ ተቀመጡ እንጂ።

ጋሽ ዘርጋው፦ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም። ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን መጥተናል።

አቶ ደምሰው፦ የሬዲዮው ልጅ?

ጋሽ ዘርጋው፦ እሱው። አዋቂ ልጅ ነው።

አቶ ደምሰው፦ አንድ ነገር ዋሽቷል። የቱን እንደሆነ ደርሼበታለሁ። እዚያው ሬዲዮ ላይ ወጥቶ «ውሸት ነው» ይበልና ልጄን ይውሰድ።

ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ተመለሱ። የጋሽ ዘርጋው ጉልበት እስካሁን ያመዋል፤ በእኔ ነው የሚያሳብበው።

4

አንድ።

የቱን?

ትርሲትን ጠየቅኋት። «አባዬ ለእኔም አልነገረኝም» አለች። «ግን ስንት ነው የዋሸኸው?»

«አራት።»

«የጉጉቷም?»

«እሷም።»

«ለጓደኞቼ ሁሉ እኮ ነው የነገርኳቸው» አለች፤ ቦርሳዋን አንስታ ሄደች። አፈርሁ። ከማፈሬ ይልቅ ግን እንዳላጣት ፈራሁ።

5

ይህን እንዳያውቁት።

በማግስቱ ጠዋት ቀጭኔዋን፣ ዳክዬዋን፣ በረሮዋንና ጉጉቷን አንድ በአንድ «ውሸት ነው» አልሁ። ከአራቱ አንዱ የአቶ ደምሰው መሆኑ አይቀርም ብዬ ነው። ከዚያ የስልክ መስመሩን ከፈትሁ።

6

የመጀመሪያው ደዋይ፦ ደምሰው ነኝ።

እኔ፦ እንደምን አደሩ አቶ ደምሰው።

አቶ ደምሰው፦ አራቱንም እውነት መስለውኝ ነበር። ለበረሮዋ ብዬ የማሲንቆ ካሴት ገዝቻለሁ።

እኔ፦ ታዲያ… ውሸቱ የቱ ነበር?

አቶ ደምሰው፦ ኦክቶፐስ የምትባል የባሕር እንስሳ ሦስት ልብ አላት ያልከው ነዋ። አርባ ዓመት ሥጋ ቤት ነበረኝ። በሬ ከፍቻለሁ፣ በግ ከፍቻለሁ፣ ፍየል ከፍቻለሁ። አንድ አንድ ልብ ነው ያላቸው።

እኔ፦ አቶ ደምሰው፣ እሷ እኮ…

አቶ ደምሰው፦ አራቱን ስትናገር ሰምቼሃለሁ፤ ወንድ ነህ። አምስተኛውን ጨምርና ሽማግሌዎችህን ለእሁድ ላካቸው። በዚህ ጊዜ ይቀመጣሉ። እየሰማሁህ ነው።

7

የግርጌ ማስታወሻ፦ ኦክቶፐስ የምር ሦስት ልብ አላት። ሁለቱ ደም ወደ መተንፈሻዋ ይገፋሉ፣ አንዱ ወደ ቀረው አካሏ። በሥራ ዘመኔ ሁለቴ ያጣራሁት ነገር ቢኖር ይኼ ብቻ ነው።

ስልኬ ላይ አጭር መልእክት ገባ። ከትርሲት ነው።

«እኔም እየሰማሁ ነው። አምስተኛ ውሸት እንዳልሰማ።»

8

ይህን ያውቁ ኖሯል?

ኦክቶፐስ ያሏት ልቦች ብዛት ____________ ነው።

(ክፍት ቦታውን ሙሉልኝ። ቶሎ በሉ፤ ማይክራፎኑ እንደተከፈተ ነው።)