የእንቁላል ቅርፊት ዱቄት

እናቴ ጨጓራዋን በቀዶ ሕክምና ካስቀነሰች ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው። ግማሽ ሲኒ ውሃ የማትይዝ ከረጢት አስቀርተውላት አንጀቷን ከከረጢቷ ጋር ቀጠሉት፤ አርባ ኪሎ ወረደች። ባለፈው መጋቢት ከአውቶቡስ ስትወርድ የእግሯ አጥንት ተሰበረ። አልወደቀችም፤ ረገጠች፣ በቃ። የደም ምርመራው ሰውነቷ ካልሲየም ስላጣ ከገዛ አጥንቷ እየወሰደ መሆኑን አሳየ። ሐኪሟ ሲትሬት የሚባለውን ካልሲየም አዘዘችላት። ወረቀቱ አራት ወር ሙሉ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ተጣጥፎ ተቀመጠ።

"እኔ ካልሲየም መች አጣሁ?" ትላለች።

እውነቷን ነው፣ በየጠዋቱ ትወስዳለች፤ የእንቁላል ቅርፊት ዱቄት። ቅርፊቱን አጥባ፣ ቀቅላ፣ አድርቃ፣ ፈጭታ በስስ ጨርቅ ትነፋዋለች። አንድ ማንኪያውን "አንዴ ልገላገለው" ብላ ከአይረን ክኒኗ ጋር ትውጣለች። እዚህ ካምፒና ግራንጂ ከተማ፣ በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን፣ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የሕፃናትን ክብደት ስትመዝን ኖራለች፤ ለከሱት ይህንኑ ዱቄት ከፉርሽካና ከደረቀ የካሳቫ ቅጠል ጋር ቀላቅላ ታድል ነበር።

እኔ ኬሚስትሪ ነው የተማርኩት። ዱቄቱ ካርቦኔት የሚባለው ካልሲየም ነው፤ ለመሟሟት የጨጓራ አሲድ ይፈልጋል፤ እሷ ደግሞ አሲድ የላትም ማለት ይቻላል። ሲትሬቱ ግን ያለ አሲድም ይሟሟል። ከአይረን ጋር ሲወሰድ አንዱ የሌላውን መንገድ ይዘጋል። ይህን አሥር ጊዜ ነግሬያታለሁ። በአሥራ አንደኛው፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ወረቀቱን ከመጽሐፍ ቅዱሱ አውጥቼ ፋርማሲ ወሰድኳት።

ባንኮኒው ላይ የቆመችው ሻጭ ወረቀቱን ሳታነብ አንድ ብልቃጥ አወረደች።

"እትዬ፣ ይሄን ይውሰዱ። ከባሕር ዛጎል የተፈጨ ነው፣ ተፈጥሯዊ።"

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። "ሰማሽ? ቅርፊት ነው።"

"ይሄን ስትሸጪ ኮሚሽን አለሽ አይደል?" አልኳት ሻጯን።

"አንቺ ደግሞ፣ ሰው አታስቀይሚ" አለች እናቴ።

"እማዬ፣ ዱቄትሽ አይሠራም። አራት ወር ሙሉ አይሠራም እያልኩሽ ነው።"

"አይሠራም?" ድምጿን አላነሳችም። ምርኩዟን ባንኮኒው ላይ አስደግፋ ወንበር ላይ ተቀመጠች። "የሰፈራችን የዳርሲ መንታ ልጆች በስድስት ወራቸው ሦስት ኪሎ አልሞሉም ነበር። ዛሬ ኳስ የሚጫወቱት በምን አጥንት ነው? ከሦስት መቶ በላይ ልጅ አብልቻለሁ። ጠጠር ነው ያበላሁት?"

እኔ እስከዚያ ቀን የምንከራከረው ስለ እግሯ መስሎኝ ነበር።

ፋርማሲስቱ ኢቮኒልዶ ንግግሩን ሰምቶ ከኋላ ክፍል ወጣና ወረቀቱን አነበበ።

"እትዬ ቫልዴኒሲ፣ ልጆቹ ሙሉ ጨጓራ ነበራቸው። እነሱ ሆድ ውስጥ ዱቄቱ ይሟሟል። የተለወጠው የእርስዎ ሆድ ነው እንጂ ዱቄቱ አይደለም።"

ስለ ሆዷ እኔ ያልኩትን ነው ያለው፤ ስድብ የሌለበት ብቻ።

እናቴ ጉልበቷን አሻሸች። "ልጆቹ ላይ የሠራሁት ጥፋት የለም ማለት ነው።"

"የለም።"

"አንቺ ልጆቹን እንደጠቀማቸው ታውቂ ነበር?" አለችኝ።

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"አልጠየቅሽኝም።" መልሱ መጥፎ ነው፤ ሌላ አልነበረኝም።

ኢቮኒልዶ ሲትሬቱን አምጥቶ አንድ ክኒን መዳፏ ላይ አደረገላት። የጣት አንጓ ያህላል።

"ይሄ የፈረስ ነው" አለች።

"ለሁለት ይስበሩት። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከአይረኑ ሁለት ሰዓት አራርቀው።"

"እስከ መቼ?"

እሱ እኔን አየ።

"ሁልጊዜ ነው፣ እትዬ።"

ዓይኖቿን ጨፍና በአውራ ጣቶቿ ተጫነቻቸው። "እኔ እኮ ልክሳ ብዬ ነው የገባሁበት" አለች፤ ለማንም አይደለም። ከዚያ ክኒኑን መለሰችለት። "ትልቁን ብልቃጥ ስጠኝ። ትንሹ ባለቀ ቁጥር ከዚች ልጅ ጋር እዚህ መምጣት አልችልም።"

ሻጯ ሳቀች። የዛጎሉን ብልቃጥ ወደ መደርደሪያው መለሰችው። እኔ የመድኃኒቱን ከረጢት ያዝኩ፣ እናቴ ክንዴን ያዘች። በሩ ላይ ሦስት ደረጃ አለ፤ አንድ በአንድ፣ በያንዳንዱ ላይ ቆም እያልን ወረድን።