ኪንግ ካውንቲን ማን መረቀው?

ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ሲያትል ውስጥ ከምንም በላይ የሚወዱት እድራቸውን ነው፤ ራሳቸው ናቸው የመሠረቱት። ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም አንድ ላይ ይዞ፣ ለቅሶ በመጣ ቁጥር ሲደርስ የኖረ እድር ነው። ዘንድሮ ታዲያ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ቱክዊላ የሚኖሩት አባላት የራሳችንን እንመሥርት ብለው ተነሡ። ያለ ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ምርቃት ግን አይሆንልንም ብለው ሽማግሌ ላኩባቸው። ሰውዬው ደግሞ አንዴ ድርቅ ካሉ አለቀ። «እኔ ሳልሞት እድሬ አይከፈልም!» አሉና ሽማግሌዎቹን ሻይ እንኳ ሳያስጨርሱ ሸኙ።

እንዲህ አኩርፈው ሳሉ፣ ተራው ዜጋ ፍርድ ቤት ተቀምጦ የሚፈርድበት የጁሪ ጥሪ መጣላቸው። የልጅ ልጃቸው ሀሴት ዳውንታውን ፍርድ ቤት አደረሰቻቸው። ረፋዱን ሙሉ ከሌሎች ተጠሪዎች ጋር ተቀምጠው ስማቸውን የጠራ የለም። ለምሳ ሲወጡ ሀሴት ደጃፉ ላይ ጠበቀቻቸው። እሳቸው ግን ምሳውን ትተው «የኪንግ ካውንቲ ፍርድ ቤት» የሚል የተጻፈበትን ሕንጻ አንጋጠው ያያሉ።

«ይሄን ሲያትልን የያዘውን አውራጃ፣ ኪንግ ካውንቲ የሚሉትን፣ ማን መሠረተው?»

«ቆይ አባባ፣ ሰርች ላድርግ።» ስልኳን አወጣች። «በፈረንጅ 1852 ነው። የኦሪገን ምክር ቤት ሕግ አወጣ። ያኔ ዋሽንግተን ስቴት ራሱ የለም።»

«ኦሪገን ቁጭ ብለው እዚህን?»

«የስ። ሶ፣ ተርስተን የሚባል ካውንቲ ነበር፤ ከሱ ላይ ቀንሰው ነው የሠሩት።»

ይቺ ጎረበጠቻቸው። «ተርስተኖች አላኮረፉም?»

ሀሴት ሳቀች። «አይ ዶንት ኖ! ግን ተርስተን አሁንም አለ፤ ኦሎምፒያ ያለችበት እኮ ነው።»

«ማን መረቀው ታዲያ?»

«ማንም። ቮት አደረጉ፣ በቃ።»

አይ አሜሪካ! ማንም «ይባረክ» ያላለው ካውንቲ ይኸው ቆሞ፣ እሳቸውን ለዳኝነት ይጠራል። ነገሩ ከነከናቸው። ጋሽ ገብረጊዮርጊስን አንድ ነገር ከከነከናቸው ደግሞ ምሳም እንቅልፍም የለም።

«ሕጉ ሲወጣ እዚህ ማን ይኖር ነበር?»

«ጥቂት ነጮች። ከነሱ በፊት ደግሞ ዱዋሚሾች፤ የአገሩ ሰዎች፣ ከጥንት ጀምሮ።»

«እነሱን ጠየቋቸው?»

«ኖ።»

«የሚኖርበትን ሰው ሳይጠይቁ!» ብለው ሊቆጡ ጀመሩና ነገሩ ወደ ራሳቸው ዞረባቸው። እሳቸውስ? ያን ሁሉ ሽማግሌ ሲመልሱ፣ ቱክዊላ ምን ቸገራችሁ ብለው አንድ ሰው ጠይቀዋል? አልጠየቁም። አፈሩ፤ እውነት ለመናገር በጣም አፈሩ።

ከሰዓት በኋላ ፍርድ ቤቱ አሰናበታቸው። ሀሴት መኪናውን ወደ ቤት ስታዞር «የለም፣ ቱክዊላ ውሰጂኝ» አሏት።

ኡሙልኸይርን ሱቋ ውስጥ አገኟት። ባለፈው ክረምት ባሏ የሞተባት እሷ ናት፤ ሽማግሌ ከላኩትም አንዷ ናት። ስታያቸው ደንግጣ ወንበር አቀረበች። እሳቸው ግን አልተቀመጡም።

«ባለቤትሽ ሲያርፍ እድሩ መቼ ደረሰልሽ?»

አቀረቀረች። «ከቀብር በኋላ፣ ጋሽዬ። የእኛ የሙስሊሞች ቀብር መቆየት አይወድም። እናንተም ሥራ ላይ ነበራችሁ፣ ትራፊኩም ያው እንደሚያውቁት ነው።»

«ማን ቀበረልሽ ታዲያ?»

«እነ ሙሉአለም፣ እነ ሠርካለም፤ የዚሁ ሰፈር ሰዎች። የጎረቤታችን የመልከጸዴቅ እናት ያረፉ ጊዜም እኛው ነን የተሯሯጥነው።»

ጋሽ ገብረጊዮርጊስ የቀረበላቸው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሀሴትም ስልኳን ኪሷ ከተተች።

«እንግዲያው እድራችሁ ከተመሠረተ ቆይቷል» አሉ ቀስ ብለው። «ከእኔ ምን ፈለጋችሁ?»

«ፈቃድ አይደለም ጋሽዬ። እንዳይከፋዎት ብለን ነው።»

«ከፍቶኛል!» አሉ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። «እንዴት አይከፋኝም! በይ ሰዎቹን ኮል አድርጊያቸው። ከፍቶኝም ቢሆን እመርቃለሁ።»